የላይኛው ማስፋፊያ የተመሠረተበት ዓመት

ሳንታ ኤፊሄኒያ፣ የሊማ ዳርቻ
ጁን 11 ቀን 2018

ለተከበሩ አበልጄ ለሮሙሎ ታኩሪ

እንደምን ሰነበቱልኝ? የፑኖ ብርድ እንዴት ይዞዎታል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ጉልበትዎ እንዴት ነው ላሉኝ፣ ደረጃ ስወጣ ዝም ይላል፣ ስወርድ ይሰድበኛል። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አልፎታል። የዘገየሁት ንቄዎት አይደለም፤ ተናድጄ መጻፍ አልወድም፣ ሰሞኑን ደግሞ ሳልናደድ የዋልኩበት ቀን የለም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አስቀድሜ የጠየቁኝን ልመልስ። አዎ፣ 41 ቁጥር አውቶቡስ ገበያው በር ላይ መቆም ትቷል፤ አሁን የሚቆመው ጤና ጣቢያው ጋ ነው። ከሰፈራችን ገጽ ላይ የአውቶቡሱ ክፍል የእርስዎ ስለሆነ እኔ አልነካሁትም፣ ያስተካክሉት። ፋርማሲዎቹም አሥራ ሁለት ሳይሆኑ አሥራ አንድ ናቸው። ራሴ ዞሬ ቆጥሬያለሁ፤ አንደኛው ጥፍር የሚቀባበት ቤት ሆኗል።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ። እኔና እርስዎ በኢንተርኔቱ መዝገበ ዕውቀት ላይ ያለውን የሰፈራችንን ገጽ ዘጠኝ ዓመት ስናሳድገው እንደ ጡት ልጅ ነው። ባለፈው ወር መጨረሻ «ሮኮቶ» ነኝ የሚል፣ ራሱን በቃሪያ ስም የሚጠራ ሰው ገባና «የላይኛው ማስፋፊያ የተመሠረተው በ2007 ነው» የሚለውን «በ2002» ብሎ ቀየረው። ምንጭ የለ፣ ማብራሪያ የለ። መለስኩት። በማግሥቱ ቀየረው። ደግሜ መለስኩት። በሦስተኛው «እባክዎን ምንጭዎን ያቅርቡ» ብዬ በትሕትና ጻፍኩለት። ምን ብሎ ቢመልስልኝ ጥሩ ነው? «ምንጩ ጀርባዬ ነው፤ የቤቴን ግድግዳ ሰሌን የተሸከምኩበት» አለኝ። ይኼ መልስ ነው?

የላይኛው ማስፋፊያ የምንላቸው ከኮረብታው ጀርባ ያሉት ሰማንያ አራት ቤቶች ጨረቃ ቤት መሆናቸውን ያውቃሉ። አሁን የካርታ ቢሮ ሰዎች ሜትር ይዘው መጥተዋል። ከ2005 በፊት የሰፈረ ካርታ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ወዲህ የመጣ ግን አፍርሶ ይነሣል፣ ቦታውን የሚፈልግ ኩባንያ አለ። እንግዲህ ዓመቱን የሚቀይር ሰው ለምን እንደሚቀይር ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም። የኔ ኦርፌሊንዳም ከነዚያ ቤቶች በአንዱ ነው ያለችው። ለርስዎም የክርስትና ልጅዎ ናት። ይበልጥ የምጠነቀቀው ለዚህ ነው። ነገ «አስተማሪዋ ለልጇ ስትል ዓመት ፈጠረች» ቢሉኝ ምን አፍ አለኝ? ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ «አትኮርጁ» ስል የኖርኩ ሴት ነኝ።

ቦታ ሲያሻሽጥ የኖረውን ዶን ፋውስቲኖን ጠርጥሬዋለሁ። ትናንት ገበያ አግኝቼው «ቃሪያ ትወዳለህ?» አልኩት። «ኧረ ጨጓራዬ አይችለውም፣ ፕሮፌ!» አለና ሳቀ። ሳቁ አላማረኝም።

በ2002 በኮረብታው ጀርባ መንገድ አውቶቡስ ይነዱ የነበሩት እርስዎ ነዎት። ያኔ እዚያ ቤት አይተዋል? ስልክ እንዳልደውል ጆሮዎ አይሰማም፤ ገጹ ላይ እንዳልጠይቅዎ እዚያ የተጻፈ ሁሉ ዓለም ያየዋል፣ ቢሰረዝም መዝገቡ ውስጥ ይቀራል። በወረቀት ይመልሱልኝ።

አበልጅዎ ዜኖቢያ ያራንጋ


ፑኖ፣ ጁን 22 ቀን 2018

ለውድ አበልጄ ለዜኖቢያ

ሰላምታዬ ይድረስዎ። እህቴ በሦስት ብርድ ልብስ ጠቅልላ ምድጃ ሥር አስቀምጣኛለች፤ ሠላሳ ዓመት ሹፌር ሆኜ አሁን ሻንጣ ሆኛለሁ። ለላኩልኝ የጉልበት ቅባት እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እርስዎም እየታመሙ ቅባቱን ለኔ መላክዎ ግን ልክ አይደለም።

41 ቁጥርን አስተካክያለሁ። የፋርማሲዎቹን ነገር አምኜዎታለሁ፤ እርስዎ ከቆጠሩ ማን ደግሞ ይቆጥራል።

ስለ ቃሪያው ሰውዬ ምን እላለሁ? ሹፌር ተሳፋሪው የት እንደሚወርድ እንጂ ለምን እንደመጣ አያውቅም። ዶን ፋውስቲኖን ግን ይተዉት፤ ያ ሰው እንኳን ኮምፒውተር ባትሪም ማብራት አይችል። ምክሬን ከጠየቁኝ ነገሩንም ይተዉት። አምስት ዓመት ምንድን ነው? እኔና እርስዎ ዕድሜያችንን ስንናገር ከዚያ በላይ እንቀንስ የለም እንዴ?

ኦርፌን ይሳሙልኝ። የሰፈሩ ምሥረታ በዓል ላይ የሚሸጠውን የዶሮ ጥብስ ዘንድሮም ሳልቀምስ መቅረቴ ነው።

አበልጅዎ ሮሙሎ


ሳንታ ኤፊሄኒያ፣ ጁላይ 3 ቀን 2018

ለአበልጄ ለሮሙሎ

ሰላም ለርስዎ ይሁን። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳቅሁ፤ በሁለተኛው ሳቄ ቆመ። ጥያቄዬ አንድ ነበር፦ በ2002 እዚያ ቤት አይተዋል ወይ? እርስዎ ስለ ቅባት፣ ስለ ፋርማሲ፣ ስለ ዶሮ ጥብስ መለሱልኝ። ተማሪ የማያውቀውን ጥያቄ ዘልሎ ሲያልፍ አውቃለሁ፤ የሚያውቀውን ዘልሎ ሲያልፍ ግን ይበልጥ አውቃለሁ።

ይኼን እያብሰለሰልኩ ሳለ ቃሪያው ተመልሶ መጣ። አሁን እንዲህ የሚል ጨመረ፦ «የመጀመሪያዎቹ አሥራ አምስት ቤተሰቦች የመጡት ሰሌናቸውን ጣሪያ ላይ አስረው፣ በሰማያዊ አውቶቡስ፣ በሁለት ምልልስ ነው።» አበልጄ፣ በዚያ ዘመን በዚህ ዳርቻ ሰማያዊ አውቶቡስ ይነዳ የነበረው ማን ነው? የሌሎቹ ሁሉ ነጭና ቀይ ነበር። በሩ ላይ ያለውን ጭረት ሳይቀር አስታውሰዋለሁ።

አልሸሽግዎትም፣ ጠርጥሬዎታለሁ። ለክርስትና ልጅዎ ቢያዝኑ አይገርመኝም፤ እኔስ አላዝንም? ኦርፌ እሑድ እሑድ ምሳ መምጣት ትታለች። ስደውል «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ትላለች፤ ድምፅዋ ግን እንደ በረዶ ነው። ቤቷ ቢፈርስ የት ትገባለች እያልኩ ስቃጠል ነው የምውለው። ቢሆንም ውሸት ጽፈን ብናድናት ውሸቱ የተገኘ ቀን እሷንም ጎረቤቶቿንም ይዞ ይወድቃል። ቢሮው የኩባንያው ጠበቃ ያለበት ቢሮ ነው።

ስለዚህ ያደረግሁትን ላሳውቅዎ። ለገጹ አስተዳዳሪዎች አመለከትኩ። የ2016ቱን የዳርቻችንን ጋዜጣ አቀረብኩ፤ «በ2007 የተመሠረተው የላይኛው ማስፋፊያ» ብሎ በጥቁር ቀለም አትሞታል። ምንጭ ያለው ረታ። ገጹ ተቆልፏል፤ «ሮኮቶ» እንዳይጽፍ ታግዷል። የታገዱት እርስዎ ከሆኑ ይቅርታ ያድርጉልኝ ልል ነበር፤ አሁን ሳስበው አልልም።

ዜኖቢያ


ፑኖ፣ ጁላይ 12 ቀን 2018

ለዜኖቢያ

በእናቴ አጥንት እምላለሁ፣ «ሮኮቶ» እኔ አይደለሁም። ማን እንደሆነ ያውቃሉ ወይ ብለው ከደብዳቤዎ በኋላ በላኩልኝ ቁራጭ ወረቀት ለጠየቁኝ፦ አውቃለሁ። ስሙን ግን አልነግርዎትም፤ ቃል አለብኝ።

ሰማያዊው አውቶቡስ የኔ ነው። እኔ ነኝ ያመጣኋቸው። ቤት አይተዋል ወይ ላሉኝ፣ አላየሁም፤ ሲሠሩት ግን እንጨት አቀብያለሁ። ዓመቱ 2002 ነው። ይኼን ብነግርዎት ምን ይሉኝ ነበር? «ምንጭ?» ይሉኛል። አንድ ጊዜ የገዛ ባለቤቴ የሞተችበትን ቀን ስነግርዎ «የመቃብሩ ድንጋይ ላይ ያለው ሌላ ነው» ብለው ድንጋዩን አምነዋል። ቀራጺው ተሳስቶ ነበር፣ አበልጄ። እኔ እኮ አልጋዋ አጠገብ ነበርኩ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው። ያንን ጋዜጠኛ ይሂዱና ይጠይቁት፤ 2007ን ከየት አመጣው?

ሮሙሎ


ሳንታ ኤፊሄኒያ፣ ጁላይ 31 ቀን 2018

ለአበልጄ ለሮሙሎ

እንዴት ነዎት? የነጻነት በዓሉ እንዴት አለፈ? እኛ ጋ ባንዲራ ያልሰቀለ ቤት አልነበረም፤ እኔ ብቻ የኔን ሳልሰቅል ዋልኩ።

ስለ ባለቤትዎ የጻፉትን አንብቤ ሁለት ቀን ቤቴ ተቀመጥኩ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። በሦስተኛው ቀን ተነሥቼ ጋዜጠኛው ዘንድ ሄድኩ። ኤድሰን ነው፤ አራተኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ፣ ያኔም የጎረቤቱን ደብተር ያይ ነበር። አሁን የስልክ ማደሻ ሱቅ ከፍቷል።

«2007 ያልከውን ከየት አገኘኸው?» አልኩት።

«ከየት አገኘዋለሁ፣ ፕሮፌ? ከርስዎ ገጽ ነዋ!»

«ማንንም አልጠየቅህም?»

«እርስዎ ከጻፉት በኋላ ማንን ልጠይቅ? ሰፈሩ ውስጥ እኮ እርስዎን የሚያርም የለም» አለኝ። ለማሞገስ ነው ያለው፤ ዓይኑ ላይ ክፋት አላየሁበትም። ቡናም አዘዘልኝ፤ ሳልጠጣው ወጣሁ።

ቤት ገብቼ የገጹን መዝገብ ወደ ኋላ ገለበጥኩ። እዚያ ምንም አይጠፋም፣ የማንም ጣት አይደበቅም። 2007ን መጀመሪያ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በ2009፣ ገጹን በከፈትኩ በሦስተኛው ቀን። ያኔ ምንጭ አልነበረውም። ኋላ ኤድሰን ከኔ ገልብጦ አተመው፤ እኔ ደግሞ የታተመውን ቆርጬ ምንጭ ነው ብዬ ከሥሩ ለጠፍኩት። የራሴን ድምፅ ከገደል ማሚቶ ሰምቼ «ሌላም ሰው እንዲህ ይላል» አልኩ። ለአርባ ልጅ ዜሮ የሰጠሁበትን ስሕተት ነው የሠራሁት።

ግን ያን ዓመት ከየት አመጣሁት? ይኼን ራሴን ጠይቄ ያገኘሁትን መልስ አልወደድኩትም። ኮረብታውን ተሻግሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩት በ2007 ነው፤ የኦርፌ ልጅ የተወለደ ጊዜ። ሰሌኑን አየሁ፣ አሸዋውን አየሁ፣ «አዲስ ሰፈር ነው» አልኩ። እኔ ያየሁት ቀን ተመሠረተ ብዬ ጻፍኩ ማለት ነው።

ትናንት የቢሮው ዘገባ ወጣ። ሰማንያ አራቱም ቤቶች «ከ2005 በኋላ» ተብለዋል። ማስረጃው ውስጥ የኔ ገጽ ታትሞ ተያይዟል፤ የተጠቃሚ ስሜ ከነቀኑ በቢጫ ተሰምሮበት። ይግባኝ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ነው። ይኼ ሁሉ ሲሆን እርስዎ ከኔ የደበቁት ነገር አለ፤ ሆዴ ነግሮኛል። አሥራ አምስቱ ቤተሰቦች እነማን ነበሩ? የአሥራ አምስቱን ስም እፈልጋለሁ። አንዳቸውንም እንዳይዘሉብኝ።

ዜኖቢያ


ፑኖ፣ ኦገስት 10 ቀን 2018

ለውድ አበልጄ ለዜኖቢያ

ይኼን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። እህቴ «ለማን ነው ይኼ ሁሉ ወረቀት?» ብላ ሳቀችብኝ። የአሥራ አራቱን ስም በሌላ ወረቀት ጽፌ አያይዣለሁ። አሥራ አምስተኛዋ ኦርፌሊንዳ ናት።

በ2001 ከዊልበር ጋር ለትዳር ከቤትዎ ስትኮበልል «ስሟ በዚህ ቤት እንዳይጠራ» ብለው ነበር። ሁላችንም ታዘዝን፤ እርስዎን ማን ይደፍራል። በባሏ ዘመዶች ዘንድ ካያኦ ወደብ ናት ብለው ያምኑ ነበር፤ እኛም አላረምንዎትም። በማርች 2002 አንድ እሑድ እኩለ ቀን ላይ መነሻ ጣቢያው መጣች፤ ስድስት ሰሌን፣ አንድ ቡታጋዝ፣ ወፍጮ የምታህል ድስት። «አባባ፣ ይውሰዱኝ፤ እናቴ ግን እንዳትሰማ ይማሉልኝ» አለችኝ። አውቶቡሴ መስታወት ላይ በተንጠለጠለችው የእመቤታችን ሥዕል ማልኩላት። ከዚያ ወዲህ አምስት ዓመት ከኮረብታው ጀርባ በኩል እየወጣች፣ ከርስዎ ቤት የሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ ኖረች። የውኃ ቦቴው ሲመጣ ባልዲ ይዛ ስትሰለፍ ብዙ ቀን አይቻታለሁ። የርስዎን ጤና ሳትጠይቀኝ የቀረችበት ቀን የለም።

በ2007 ታርቃችሁ፣ ለአራሷ ሾርባ ይዘው ወጥተው ሲመለሱ «አዲስ ሰፈር ተቆርቁሯል እኮ፣ አበልጄ» አሉኝ። ደስ ብሎዎት ነበር። ያኔ መናገር ነበረብኝ። «አሁን ታርቀዋል፣ አሮጌ ቁስል ለምን ልንካ» አልኩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ገጹ ላይ ጻፉት። እኔም ከሥሩ ያለውን የአውቶቡስ መስመር ሳስተካክል ዘጠኝ ዓመት ያቺን ቁጥር እያየሁ አለፍኳት። ጥፋቱ የርስዎ ብቻ እንዳይመስልዎት።

«ሮኮቶ» እሷ ናት። ለምን ቀጥታ አልነገረችኝም ይሉ ይሆናል። እኔም ጠይቄያት ነበር። የጻፈችልኝን ሳልቀንስ ሳልጨምር እነሆ፦ «አባባ፣ እናቴ እኔን አታምነኝም። የማታውቀው ሰው ቢነግራት ግን ታምን ይሆናል።»

መሐላዬን ሰብሬያለሁ። እመቤታችንም እሷም ይቅር ይበሉኝ። የምስክርነት ቃሌን በውል አዋዋይ ፊት ፈርሜ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ።

ሮሙሎ


ሳንታ ኤፊሄኒያ፣ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2018

ለውድ አበልጄ ለሮሙሎ

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ስድስት ሳምንት ዝም ስላልኩዎ ተቀይመዋል፣ እውነትዎን ነው። ያላለቀስኩበት ሰዓት ሲገኝ ደግሞ ደረጃ ስወጣና ስወርድ ነበርኩ።

አልተቀየምኩዎትም። ለአምስት ቀን ተቀይሜ ነበር። ከዚያ ከርስዎ በፊት የምቀየመው ሰው እንዳለ አየሁ፤ እሷም መስታወት ውስጥ ናት።

ቢሮው ምን አለ ላሉኝ፣ ሄጄ ቆምኩ። «ያን ዓመት የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሳልጠይቅ፣ በግምት ነው የጻፍኩት፤ ጋዜጣውም ከኔ ነው የገለበጠው» አልኩ። ልጅ እግር ሠራተኛ ነው፣ ጨዋ ነው። «ሴኞራ፣ ይኼ ቃል ነው። የታተመ ነገር አለዎት?» አለኝ። ስለምነው ቆይቼ፣ እያንዳንዱ ባለቤት መቼና እንዴት እንደሰፈረ በራሱ አንደበት ተናግሮ ቢፈርም፣ ሁለት ምስክር ቢያቆም እንደሚቀበል ነገረኝ። የርስዎን ቃል ከሁሉ በላይ አስቀምጦታል፤ ሰማያዊው አውቶቡስ ጠቅሞናል። ቃሎቹን ሰብስቤ የማስረክበው እኔ ነኝ፤ ቃሉን ያልሰጠ ቤት ግን ከይግባኙ ዝርዝር ይወጣል።

ገጹ ላይ የሆነውን ሁሉ በስሜ ጽፌ አስቀምጫለሁ። አስተዳዳሪዎቹ ጋዜጣውን ሰርዘዋል፣ የኦርፌንም እገዳ አንሥተዋል። የእማኝ ቃል ደግሞ ሕጋቸው አይፈቅድም፤ ስለዚህ አሁን እዚያ ቦታ ላይ ዓመት የለም። «የላይኛው ማስፋፊያ በኮረብታው ጀርባ ይገኛል» ብሎ ያቆማል። እኔም አልነካሁትም።

በዚህ ጉልበት አምስት ሳምንት ቤት ለቤት ዞርኩ። ሰዎቹ ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። አንዲት ብቻ፣ የባጃጅ ነጂው ሚስት፣ «አሁን ነው የታየንዎት፣ ፕሮፌ?» አለችኝ፤ እሷም ብትሆን ወንበር ከሰጠችኝ በኋላ ነው። ጻፍኩ። የአሸዋውን፣ የሳሉን፣ የውኃ ቦቴውን፣ በ2003 ነፋስ የወሰደውን ጣሪያ ጻፍኩ። ሲሳሳቱም እንዳሉት ጻፍኩ። ሰማንያ አራት በር አንኳኳሁ፤ ሰማንያ ሦስቱ ተከፈቱልኝ።

ኦርፌ ቤት ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። ከውስጥ ራዲዮው ይሰማል፣ የልጁ ጫማ በር ላይ ነው። በሩን ይዤ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ የሚሰማ ጎረቤት ቢኖርም ጮክ ብዬ ነው የጠየቅኋት። ራዲዮው አልተቀነሰም። ለጎረቤቷ «ለእናቴ ቃሌን አልሰጥም፤ ብሰጣትም ቃል አይሆንላትም» ብላለች አሉ። አልፈርድባትም። ግን ቀኑ እየሄደ ነው፤ ኦክቶበር ካለቀ ሰማንያ ሦስቱ ድነው የሷ ብቻ ይፈርሳል።

ለርስዎ ትጽፋለች። እባክዎን ዛሬውኑ ደብዳቤ ይላኩላትና ከመጀመሪያው ጀምረው ይጠይቋት፤ ከቤቴ ከወጣችበት ቀን ጀምረው። ያልኳትን ሁሉ ትናገር፤ ስለኔ ያለችውን አንድ ቃል አያለስልሱብኝ። ፈርማ ትላክልዎ፤ እርስዎም በአውቶቡስ ሲልኩልኝ ፖስታውን ያሽጉት፤ ሳልከፍት ለቢሮው አስረክበዋለሁ። አነብበዋለሁ ብላ እንዳትፈራ ይንገሯት። አላርመውም ብዬ ብናገር አታምነኝም፤ እሱንም እርስዎ ይንገሯት።

አበልጅዎ ዜኖቢያ